ብስክሌቴ ተበላሸ ማለት ጥያቄ አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው የተነገረው ለሰው ቢሆንም ብስክሌት ለሚነዱ ወጣቶቻችንም እጅግ የሚስማማ ነው።

እንደሚታወቀው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ብስክሌት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እንደገና በብዛት መታየት ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በብዙ አውራ መንገዶች ዳር ለብስክሌት የተለየ መሄጃ አበጅቷል። ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጉርድ ሾላም የተማሪውና የወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ መተላለፊያ ናት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ያልፍባታል፤ ከእርሷ አለፍ ብሎ የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከቤቱ እስከ ትምህርቱ ወይም እስከ መሥሪያ ቤቱ ያለው መንገድ አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ለሆነ ወጣት ብስክሌት ከታክሲ ሰልፍ የሚያድን መሣሪያ ነው።

ዳሩ ግን መንገዱ መነጠፉ ብቻውን አይበቃም። የመንገዱ ግማሽ ያለው በነጂው እጅ ነው። የብስክሌቱ ጎማ ነፋስ ካልያዘ፣ ፍሬኑ ካልነከሰ፣ ሰንሰለቱም ዝጎ ከተንቋቋ፣ የቱንም ያህል ያማረ መንገድ ቢነጠፍ ብስክሌቱ በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ወጣቶች ስለ ብስክሌታቸው ዘወትር ስለሚጠይቋቸው ጥቃቅን ጉዳዮችና ከሁሉም በፊት ስለ አጠያየቃቸው ነው።

በማናቸውም ጎማ ለጣፊ ደጃፍ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ይህን የመሰለ ንግግር መስማቱ አይቀርም።

«ጋሼ፣ ብስክሌቴ ተበላሸብኝ፤ ቶሎ ይሥሩልኝ።»

«ምን ሆነ ልጄ?»

«እኔ እንጃ፤ ብቻ አልሄድ አለኝ።»

ባለሙያው ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ ግምት ነው። ጎማውን ይፈታል፣ ሰንሰለቱን ይነካካል፣ ፍሬኑን ይስባል። ባለቤቱ ለሁለት ዓመት ሲነዳው የኖረውን ብስክሌት እርሱ በአሥር ደቂቃ እንዲያውቀው ይጠበቃል። ወጣቱ ግን «ጠዋት የነፋሁት የኋላ ጎማ እስከ ማታ ይጎድላል፣ ቀዳዳው ግን አይታይም» ብሎ ቢመጣ ኖሮ የሥራው እኩሌታ በተጠናቀቀ ነበር። ፈጣን መልስ የሚገኘው ከፈጣን መላሽ ሳይሆን አስተውሎ ከሚጠይቅ ሰው ነው። ይህንንም በምሳሌ ለማስረዳት ዘወትር ከሚነሡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ከነመልሳቸው እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ ጎማዬ በየሳምንቱ ይበሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቀዳዳው የት እንዳለ ይታይ። ጎማው ከመፈታቱ በፊት ቫልቩ ባለበት ትይዩ በውጭው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። ከመነዳሪው፣ ማለት የውስጡ ጎማ፣ ወጥቶና ተነፍቶ ውኃ ውስጥ ሲነከር አረፋ የሚያወጣው ቦታ ቀዳዳው ነው። እንግዲህ ቀዳዳው ራሱ ይናገራል። በውጭ በኩል አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ወይም ጠርሙስ ነው፤ በጠመኔው ምልክት እየተመሩ በውጭው ጎማ ውስጥ ጨርቅ በያዘ እጅ ቢዳብሱ ስባሪው እዚያው ተሰክቶ ይገኛል። እርሱ ሳይነቀል ሺህ ጊዜ ቢለጠፍ ሺህ ጊዜ ይበሳል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከታየ ነፋሱ አንሶ ጎማው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ነፋስ መሙላት ነው። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ከቸርኬው ወገን ከሆነ ደግሞ የሽቦ ጫፍ ወግቶታል፤ በቸርኬው ዙሪያ የሚጠመጠመው የመከላከያ ጥብጣብ ይለወጥ። እንግዲህ «ጎማዬ ይበሳል» የሚለው አንድ ቃል ሦስት በሽታ ደብቆ ኖሯል።

ጥያቄ፦ ራሴ ስለጥፈው ልጣፊው ይነሣብኛል። ማስቲሹ መጥፎ ይሆን?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማስቲሹ አይደለም፤ የችኮላ ነው። ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይጽዳ፤ ማስቲሹ በስሱ ይቀባ፤ ከዚያም እርጥበቱ ጠፍቶ እስኪደበዝዝ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። ልጣፊው የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው። እርጥብ ማስቲሽ ላይ ልጣፊ የሚጭን ሰው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለለት ነው።

ጥያቄ፦ «ባለ 26 ጎማ» ብዬ ገዝቼ አልገባ አለኝ። ሻጩ አታሎኝ ነውን?

መልስ፦ ላያታልል ይችላል፤ ሁለቱም ባለ 26 ናቸውና። በተራራ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ባለ 26 ጎማ በቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ስፋት 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ «26 በ1 ከ3/8» ተብሎ የተጻፈበት የቀድሞው ዓይነት ግን 590 ሚሊ ሜትር ነው። የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት በጉልበት አይሸነፍም። በጎማው ጎን ላይ ከኢንቹ ቁጥር ሌላ በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ሁለተኛው ሦስት አኃዝ ያለው ቁጥር እውነተኛው ልክ ነው። ወደ ሱቅ ሲኬድ እርሱን በወረቀት ጽፎ መሄድ ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰንሰለቴ ይንቋቋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥርሱን ስቶ ይዘላል። የወጥ ቤት ዘይት ባጠጣው ይሻለዋልን?

መልስ፦ አይሻለውም። በተለይ የኑግ ዘይት ነፋስ ሲያገኘው እየደረቀ የሚጣበቅ ስለሆነ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ይይዛል። ሰንሰለቱ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ታሽቶ ይጽዳ፤ ሲደርቅም በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይንጠብበት፤ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ተሽከርክሮ ትርፉ ዘይት በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ዘይት የሚያስፈልገው በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ እንጂ በላዩ ላይ አይደለም።

መዝለሉ ግን የእርጅና ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንዱ የሰንሰለት ፒን መኻል እስከ ቀጣዩ ፒን መኻል ያለው ርቀት በአዲሱ ሰንሰለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሃያው ክፍል ተዘርግቶ ሲለካ 25 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ25 ሳንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ሰንሰለቱ ይለወጥ። ተረስቶ ከ25 ሳንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከረዘመ ግን ጥርሶቹንም አብሮ ስለሚበላቸው ወጪው እጥፍ ይሆናል። የሁለት ሚሊ ሜትር ቸልታ እንዲህ ያለ ዋጋ ታስከፍላለች።

ጥያቄ፦ የግራው ፔዳል አልፈታ አለኝ። ባጠበቅሁት ቁጥር ይላላል፤ ለመፍታት ስሞክርም ይጠብቃል።

መልስ፦ የግራው ፔዳል ጥርስ በተገላቢጦሽ የተቀረጸ ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት ነጂው ሲነዳ ፔዳሉ ራሱን እንዳይፈታ ነው። ለመርሳት የማያስቸግረው ደንብ ይህ ነው፦ ቁልፉ ከላይ ሆኖ ሲያዝ፣ በቀኝም በግራም ወደ ብስክሌቱ ፊት መግፋት ማጥበቅ፣ ወደ ኋላ መሳብ መፍታት ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የሚታገሉ ሰዎች የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ላጭተው ይጥሉታል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ስነዳ ጉልበቴን ያመኛል።

መልስ፦ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ በፊት ኮርቻው ይለካ። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉ በመጨረሻው ዝቅታ ላይ ሳለ ተረከዝ ሲያርፍበት እግር ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። ከዚያም በተለመደው አነዳድ በእግር ፊት ሲረገጥ ጉልበት በመጠኑ ይታጠፋል። በከተማችን የሚታየው አብዛኛው ወጣት ኮርቻውን እጅግ ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን እስከ ደረቱ እያነሣ ይነዳል፤ ድካሙም ሕመሙም ከዚያ ይመጣል።

ልዩ ልዩ ጥያቄዎችም አሉ። ሱሪያቸው በሰንሰለት ግራሶ የተበላሸባቸው ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ግራሶ የነካው ሱሪ ወዲያው በውኃ መታሸት የለበትም፤ አስቀድሞ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሶበት ዘይቱን እስኪመጥ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያም አራግፎ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማሸት ይጠቅማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የቀኝ እግሩን ሱሪ በጥብጣብ ወይም በላስቲክ አስሮ መነሣት ነው፤ ሰንሰለቱ ያለው በቀኝ በኩል ነውና። የእጅ ግራሶም ቢሆን በጥቂት ዘይትና ስኳር ታሽቶ በሳሙና ሲታጠብ ይለቃል። በክረምት ዝናብ የመታው ብስክሌት ሌሊቱን እንዳለ ከተተወ እስከ ጠዋት ዝገት ይጀምረዋል፤ በደረቅ ጨርቅ መወልወል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሲመሽ የሚነዳ ሰው ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያብራ፤ መብራቱ መንገዱን ለእርሱ ከማሳየቱ ይልቅ እርሱን ለሾፌሩ ማሳየቱ ይበልጣል።

እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ ቢዘነጋ ጉዳቱ የገንዘብና የጊዜ ነው። አሁን የምንናገረው ግን የሕይወት ነገር ስለሆነ ረጋ ብሎ ማንበብ ይገባል።

ጉርድ ሾላ በስተ ሰሜን የየካ ተራራዎች ይታዩአታል፤ ከእነርሱም ጋር የተያያዘው እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንዳትን ስፖርት ከሚያስተናግዱት ቦታዎች አንዱ ሆኗል። ከዚያ ወደ ከተማው መኻል የሚወርድ ወጣት ብዙ መቶ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ሽቅብ ሲወጣ ያወጣው ጉልበት ሁሉ ሲወርድ ፍጥነት ሆኖ ይመለስለታል፤ ያንን ፍጥነት የሚገታው ደግሞ ከጣት የማይበልጥ የፍሬን ጎማ ነው።

ስለዚህ ፍሬን እንዲህ ይመርመር። እጀታው ሲጨበጥ ከመሪው ጋር እስኪነካካ ድረስ የሚመጣ ከሆነ ሽቦው ላልቷል ወይም የፍሬኑ ጎማ አልቋል። የላላውን ሽቦ በእጀታው ሥር ያለችውን ማስተካከያ ወደ ውጭ በመፍታት መወጠር ይቻላል። ይህ ካልበቃ ሽቦውን የያዘችው ዳዶ ተፈትታ ሽቦው ጥቂት ተስቦ እንደገና ይታሰር። የሽቦው ክሮች መበጣጠስ ጀምረው እንደሆነ ግን ማስተካከል ሳይሆን መለወጥ ነው። የፍሬኑ ጎማ መንከስ ያለበት ቸርኬውን ነው፤ ከፍ ብሎ የውጭውን ጎማ የሚነካ ከሆነ በአጭር ጊዜ ቀዶት ያፈነዳዋል። ቸርኬው ላይ የፈሰሰ ዘይት ደግሞ ፍሬን የለም ከማለት አይለይም።

አያያዙም ትምህርት ይፈልጋል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳይለቁ ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ እጅግ ሲግልም ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ጫን እያደረጉ መልሶ መልቀቅ ይሻላል። ስንቆም ክብደታችን ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ይበልጥ የሚያቆመን የፊተኛው ፍሬን ነው፤ ብቻውን በድንገት ሲጨበጥ ግን ነጂውን በመሪው ላይ አሳልፎ ይጥላል። ስለዚህ ሰውነትን ወደ ኋላ አድርጎ ሁለቱንም በአንድነት መያዝ ይገባል። በዝናብ ጊዜ የራሰ ቸርኬ ቶሎ አይያዝም፤ ከመታጠፊያው ቀደም ብሎ ፍሬኑን በቀስታ ነካ ነካ እያደረጉ ውኃውን ማስጠረግ ያስፈልጋል።

«ፍሬኔ ትንሽ ላልቷል፣ ቅዳሜ አሠራዋለሁ» የሚል ወጣት ረቡዕ ዕለት ቁልቁለት እንደሚጠብቀው ማስታወስ አለበት። ቁልቁለቱ ቀጠሮ አይሰጥም። ከእርሱም ሌላ በመንገዱ ዳር የምትሻገር ሕፃንና ዱላዋን ይዛ የምታዘግም እናት አሉ፤ የላላው ፍሬን የእርሱ ብቻ ንብረት አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «እኔ ተማሪ ነኝ፣ እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ለዚህማ ጠጋኝ አለ፤ ጊዜዬን በግራሶ ለምን ላጥፋ?» ይል ይሆናል። ክርክሩ መልስ ይገባዋል። ሁሉም ሰው ሁሉን ይሥራ አላልንም። የተጣመመ ቸርኬ ማቃናት፣ የውስጥ ኩሽኔታ መለወጥ፣ የተሰበረ ብረት መበየድ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለባለሙያም የላቡን ዋጋ ሳይከራከሩ መክፈል ይገባል። ዳሩ ግን ማየትና መናገር የባለቤቱ ፈንታ ነው። ሐኪም መርፌውን ይወጋል እንጂ በታማሚው ፈንታ «ያመኛል» አይልም።

«እጄን በግራሶ አላቆሽሽም» ከሚለው አነጋገር በስተጀርባ ደግሞ አሮጌ በሽታ ተደብቋል። የእጅ ሥራን መናቅ ሀገራችንን ለብዙ ዘመን ጎድቷታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው እየጠሩ መስደብ ነውር መሆኑን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ ብረት ቀጥቃጩን በግልጽ የሚሰድብ ባይኖርም፣ ዲፕሎማ የያዘ እጅ ቁልፍ መያዝ የሚያሳንሰው የሚመስለው ሰው ግን አልጠፋም።

ዓለም የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው። ዊልበርና ኦርቪል ራይት በአሜሪካ በዴይተን ከተማ ብስክሌት የሚጠግኑና የሚሸጡ ወንድማማቾች ነበሩ። በ1896 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1903፣ በሞተር ኃይል የሚበር አውሮፕላን ሲያበሩ የሞተሩን ኃይል ወደ መዘውሮቹ ያደረሱት በሰንሰለትና በጥርስ፣ እንደ ብስክሌቱ አድርገው ነው። ዛሬ ብስክሌትም መኪናም የሚሄድበትን በነፋስ የሚሞላ ጎማ በ1888 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በሥራ ላይ ያዋለው ጆን ቦይድ ደንሎፕም የከብት ሐኪም ነበር፤ የልጁን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት መንገራገጭ አስተውሎ ነው ነገሩን የጀመረው። እነዚህ ሰዎች እጃቸውን ከግራሶ ቢሸሽጉ ኖሮ ስማቸውን ዛሬ ባልጠራነው ነበር።

የራሳችንም ታሪክ ቢሆን ባዶ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችን አሰልፋለች። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነብን እንክብካቤው ነው።

ነገሩ ከብስክሌትም ያልፋል። በመሥሪያ ቤት ያለ ወጣት «ሥራው ተበላሽቷል፣ መፍትሔ ይሰጠን» ብሎ ለአለቃው የሚጽፈው ማስታወሻ «ጋሼ፣ ብስክሌቴ ተበላሸብኝ» ከሚለው በምን ይለያል? የት እንደ ቆመ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ተሞክሮ ምን እንደ ቀረ ካልተነገረው አለቃው የሚሰጠው ውሳኔ ጎማ ሳያዩ ማስቲሽ እንደ መቀባት ነው። ቀዳዳውን አይቶ መናገር የለመደ ሰው በፋይሉም ላይ እንዲሁ ያደርጋል።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ብስክሌት የሚነዱ ተማሪዎችና ሠራተኞች ባሉበት ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ሁሉ በበሩ አጠገብ አንድ የነፋስ መንፊያ፣ ጥቂት ቁልፎችና የልጣፊ ዕቃ ቢቀመጥ ወጪው ኢምንት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። የሚያውቁት ለማያውቁት በወር አንድ ቀን ቢያሳዩ ደግሞ ዕውቀቱ ይባዛል። መንግሥት መንገዱን ቢያበጅ፣ መሥሪያ ቤቱ መንፊያውን ቢያኖር፣ ነጂውም ዓይኑን ቢከፍት የሦስቱ ድርሻ ተሟላ ማለት ነው።

ለነጂው ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ጎማውን በጣቱ መጫን፣ ሁለቱን ፍሬኖች መጨበጥ፣ ሰንሰለቱን ማየት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ሰንሰለት። ሁሉም ተደምሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ዛሬ እሑድ ነው። ወጣት አንባቢያችን ሆይ፣ ይህን ጋዜጣ አጥፈህ ስታስቀምጥ፣ አንቺም እኅታችን፣ ብስክሌቱን ገልብጣችሁ መንኰራኩሩን አሽከርክሩት፤ ምን እንደሚል አዳምጡት። የሚንቋቋ፣ የሚነካካ፣ የሚያዘነብል ነገር ካለ በትንሽ ወረቀት ጻፉት። ሰኞ ጠዋት ያንን ወረቀት ይዞ ጎማ ለጣፊው ዘንድ የደረሰ ሰው ቶሎ መልስ አግኝቶ፣ በሰዓቱም ሥራው ላይ ይገኛል።